የጠመመችው የኋላ መስመር

ዳማሪስ አዊኖ ስትወለድ እትብቷ አንገቷ ላይ ተጠምጥሞ ነበር። በኬንያ ሉዎዎች ዘንድ እንዲህ ሆና ለተወለደች ልጅ ስም ፍለጋ አይወጣም፤ አዊኖ ትባላለች፣ አለቀ። ተማሪዎቿ ግን ነገሩን በራሳቸው መንገድ ያወሩታል፤ "ማዳም ከእናታቸው ሆድ ሽቦ ለብሰው ነው የወጡት" ይላሉ። አልዋሹም። ኪሱሙ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ፣ ከሕንጻው ምድር ቤት ያለችውን ያቺን ጠባብ ክፍል የሚያውቅ ሰው አዊኖን ያለ ሽቦ ሊያስባት አይችልም። አንገቷ ላይ ሽቦ፣ ትከሻዋ ላይ ሽቦ፣ የጋዋኗ ኪስ ውስጥ የተጠቀለለ ሽቦ።

ሥራዋ ተማሪዎች የገዛ አንጎላቸውን ሞገድ እንዲቀርጹ ማስተማር ነው። ሐሙስ ሐሙስ ይመጣሉ፤ ሁለት ሁለት ሆነው አንዱ የሌላውን ራስ ይይዛል። ሳንቲም የማያህሉ ክብ ብረቶች ላይ ማጣበቂያ ይቀቡና የራስ ቆዳ ላይ ይለጥፏቸዋል፤ ከብረቱ ሽቦ ወደ ሳጥን፣ ከሳጥኑ ወደ ኮምፒውተር ይሄዳል። ባለ ራሱ ዓይኑን ሲጨፍን ስክሪኑ ላይ የነበረው መቆራረጥ ይረጋና አንድ ዓይነት፣ ሰልፍ የያዘ ሞገድ ይመጣል። "ዓይን ሲዘጋ የኋለኛው አንጎል ሥራ ይፈታል፤ ሥራ ሲፈታ ያንጎራጉራል" ትላለች አዊኖ። ዓይን ሲገለጥ እንጉርጉሮው ቀጥ ይላል። ነገሩ ይኸው ነው፣ ሌላ ተአምር የለውም። ነገር ግን አንድ የሃያ ዓመት ልጅ የገዛ ጭንቅላቱ ሲያንጎራጉር ባየ ጊዜ ፊቱ ምን እንደሚሆን ያላየ ሰው፣ አስተማሪነት ምን እንደሚጥም ባያወራ ይሻላል።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ያ ፊት የወንዶቹ ብቻ ነበር። ወንዶቹ ተላጭተው ይመጣሉ፤ ብረቱ ቆዳቸው ላይ እንደ ልቡ ይቀመጣል። ሴቶቹ ሹሩባ አለባቸው፣ ቅጥያ ጸጉር አለባቸው፣ ዊግ አለባቸው፤ ከዚያ ሁሉ ሥር ቆዳ ፈልጎ ማግኘት የጭንቅ ሥራ ነው። ስለዚህ ሴቶቹ ወንበራቸውን ስበው ይቀመጡና የወንዶቹን አንጎል ይጽፋሉ። ማንም ክፉ አስቦ አይደለም፤ የቀለለው እሱ ሆኖ ነው። አዊኖን ያንገበገባት ግን ይኸው ቅለቱ ነበር። አንድ ሐሙስ አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ "ማዳም፣ የሴት አንጎልም እንዲህ ነው የሚያደርገው?" ብላ ጠየቀቻት። የምሯን ነው የጠየቀችው። አዊኖ የዚያን ቀን ምሳ አልወረደላትም።

እናቷ ኪቡዬ ገበያ ጃንጥላ ሥር ተቀምጣ ጸጉር ስትሠራ የኖረች ሴት ናት፤ አዊኖም ፊደል ከመቁጠሯ በፊት ሹሩባ ቆጥራለች። በሚቀጥለው ሐሙስ ሚዶ ይዛ ገባችና "ዛሬ ሽቦ የለም፤ ዛሬ የምትማሩት ሹሩባ ነው" አለች። ራሱን በሜትር ትለካለች፣ ብረቱ የሚያርፍበትን ነጥብ ትይዛለች፣ ከዚያ ሹሩባውን ከነጥቡ ግራና ቀኝ አስይዛ ወደ ኋላ ቀጥ አድርጋ ትሠራለች። በሁለቱ መካከል ቆዳው እንደ ማሳ ቦይ ይገለጣል። ብረቱ እዚያ ቁጭ ይላል፣ ሴቲቱም የራሷን እንጉርጉሮ ታያለች። ወንዱም ሴቱም ይማራል፤ ሕጉም ሁለት ነው፦ ሐሙስ ቅጥያ የለም፣ ሐሙስ ቅባት የለም። ቅባት የነካው ቆዳ ላይ ብረት አይጣበቅም፣ ቢጣበቅም የሚያወራው ሐሰት ነው።

ሰው መቼም ይስቃል። "የሳይንስ ክፍል ነው ወይስ የጸጉር ቤት?" ያላላት የለም። አንድ አባት ከሲያያ ድረስ መጥቶ "ዶክተር ይሆናል ብዬ የላክሁት ልጅ ለእረፍት መጥቶ የእህቶቹን ጸጉር ሲሠራ ዋለ" ብሎ ከሰሳት። "እህቶቹ ምን አሉ?" አለችው። "ተደሰቱ።" "እንግዲያው ከቤት አንድ ሰው ብቻ ነው የተከፋው" ብላ ሻይ በወተት አስቀዳችለት።

በሹሩባ ከሁሉ የባሰው ተማሪዋ ኪሙታይ ነበር። ከኤልዶሬት ወዲያ፣ ከከብት አገር የመጣ፣ እጁ አካፋ የሚያህል ልጅ ነው። የመጀመሪያ ሹሩባውን የሠራው አኬዮ በምትባል ተማሪ ራስ ላይ ነበር። አዊኖ መጥታ ቆማ አየችው፤ እንደ ገመድ የወፈረ፣ የጠመመ ነበር።

"ኪሙታይ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

"ሹሩባ ነው፣ ማዳም።"

"ጥጃ ልታስርበት ነው?"

"እኛ ቤት በዚህ የታሰረ ጥጃ ፈትቶ ሄዶ አያውቅም፣ ማዳም።"

"ጥጃው እኔ ነኝ" አለች አኬዮ ጥርሷን ነክሳ። "ማዳም፣ ቅንድቤ ወደ ኋላ እየሄደ ነው። አንድ በሉት እንጂ።"

ኪሙታይን መቅጣትስ ቀላል ነበር፤ ግን አዊኖ የጠማማ ሹሩባ ነገር ሲመጣ ሆዷ ይባባል። ምክንያቱ ባሏ ኦጉቱ ነው። የሰውን ራስ ሁሉ ቀጥ የምታደርግ ሴት የገዛ ራሷን ከኋላ አታየውም፤ ስለዚህ እሑድ እሑድ እሷ ወለሉ ላይ፣ ኦጉቱ በርጩማ ላይ ይቀመጥና የኋላውን ይሠራላት ነበር። ኦጉቱ በሐይቁ ዳር፣ ዱንጋ ላይ የአሣ ጀልባ ሞተር ጠጋኝ ነበር። ፊት ለፊት እሷ የሠራችው እንደ ማስመሪያ ቀጥ ይላል፤ ከኋላ ግን አንዲት መስመር ሁልጊዜ ወደ ግራ ትጠምማለች። "ጀልባ ላይ ቀጥ ያለ ነገር የለም፤ እጄ የለመደው እሱን ነው" ይላት ነበር። ሲጨርስ መዳፉን ኋላዋ ላይ አሳርፎ ሹሩባውን ጫን ያደርግና "አለቀ፤ ሂጂ አስተምሪ" ይላታል። ሰኞ ጠዋት ግቢው ሁሉ ያቺን መስመር ፈልጎ ያያታል። አንዲት ደፋር ተማሪ "ማዳም፣ የኋላዋን ላስተካክልልዎ?" ብትላት "እጅሽን ከትዳሬ ላይ አንሺ" አለቻት።

ባለፈው ዝናብ ኦጉቱ ደረቱን ታመመና ሞተ። አዊኖ ቀብራ፣ ለቅሶ ተቀምጣ ተመለሰች፤ ራሷ ላይ ጥቁር ሻሽ አስራ። ከዚያ ወዲያ ያንን ሻሽ ፈትታ ያያት የለም። ከሥሩ ያለው ጸጉር ሚዶ አላየም፣ ቅባት አላየም፣ የሰው እጅ አልነካውም። ማን ይንካው? እህቷ ልሥራልሽ ብትላት "ነገ" አለቻት፤ ነገ ሲመጣ ደግሞ "ነገ"። ሐሙስ ሐሙስ የተማሪዎቿን ራስ እያሳመረች "የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች" እያለች ለብቻዋ ታጉረመርም ነበር። ማታ ማታ እንቅልፍ በዓይኗ አይዞርም። አልጋው ሰፋባት። እውነቱን ለመናገር ከቤት የሚያስወጣት ሐሙስ ብቻ ነበር፤ ሌሎቹን ቀናት ሐሙስ እስኪደርስ ነው የምትኖራቸው።

በዚህ መካከል የትምህርት ክፍሉ አዲስ ኃላፊ ዶክተር ኦዲራ ምድር ቤት ወርዶ በሯን አንኳኳ። ኦዲራ የራሷ ተማሪ የነበረ ነው፤ ሹሩባም አስተምራዋለች። ወንበር ስባ ሰጠችው፤ ሳይቀመጥ ቆመ።

"ማዳም፣ ነገሩን ከእኔ ቢሰሙት ይሻላል ብዬ ነው። ይቺ ክፍል ለኮምፒውተር ትፈለጋለች።"

"እኔስ ምን ያለኝ ይመስልሃል? ኮምፒውተር አለኝ።"

"ሽቦ የሌለው ኮምፒውተር፣ ማዳም። የተዘጋጀ ቅጂ አለ፤ ንጹሕ ሞገድ። ልጆቹ ይከፍቱታል፣ ያዩታል፣ መልስ ይሠራሉ። ማጣበቂያ የለ፣ ግማሽ ቀን የለ።"

"የማን ሞገድ ነው?"

"የ… ሰው።"

"የማን ራስ ነው ያልኩህ።"

ኦዲራ ጫማውን አየ። "እኔ እንጃ፣ ማዳም። የሆነ ፈረንጅ።"

"እና ልጆቼ የሆነ ፈረንጅ ሲያንጎራጉር ሰምተው ይመረቁ?"

ኦዲራ እንደ መሳቅ አለና ተወው። ይወዳታል፤ ችግሩም እሱ ነው። ከናይሮቢ የሚመጡት ገምጋሚዎች ሐሙስ እንደሚደርሱ፣ የቡድኑ መሪ ፕሮፌሰር ንዱታ የምትባል ሴት እንደሆነች፣ እሷም አንድ ነገር ብቻ እንደጠየቀች ነገራት። "ግማሹ ክፍል እየሠራ ግማሹ የሚያይበት ቤተ ሙከራ አልደግፍም ብላለች። ከነጸጉሯ ካለች ሴት ራስ ላይ ንጹሕ ሞገድ ምሳ ሳይደርስ ካየች ክፍሉ ይቆያል። ካላየች ይዘጋል።"

"ትክክል ብላለች" አለች አዊኖ። "እኔም ያልኩት ይህንኑ ነበር።" ኦዲራ ከወጣ በኋላ ግን ወንበሩን ይዛ ቆየች። ይቺ ክፍል ከሄደች ሐሙስም ሄደ ማለት ነው።

ወሬው ለተማሪዎቹ ደረሰ። እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ሳይቸግር ጤፍ ብድር የተባለው። አኬዮ ሴቶቹን ሰበሰበችና "ማዳም ሐዘን ላይ ናቸው፤ እኛን ሲሠሩ አይድከሙ። ተሠርተን እንሂድላቸው" አለች። አሳቡ የተባረከ ነው። ረቡዕ ከሰዓት ሁሉም ኪቡዬ ወርደው "ወደ ኋላ ቀጥ ያለ፣ መስመሩ የሚታይ" ብለው አዘዙ። ነገር ግን የኪቡዬ ሠሪ የምትታወቀው በሁለት ነገር ነው፤ ቅጥያ ሳትጨምር አትጎነጉንም፣ ቅባት ሳታጠጣ ደንበኛ አታስነሳም። ደረቅ ራስ ይዛ ከጃንጥላዋ ሥር የወጣች ልጅ ለሠሪዋ ስድብ ናት። ለልጆቹም ቢሆን ያው ነው፤ ከናይሮቢ እንግዳ ሊመጣ፣ እንዴት ብሎ ነው ራስ ሳይቀቡ እንግዳ ፊት የሚቆመው? ሕጉን የዘነጋው ማንም አልነበረም። ለእንግዳ ሲባል ሕጉ ፈቀቅ የሚል መስሏቸው ነው።

ሐሙስ ጠዋት አዊኖ በሩን ስትከፍት ራሶቹ ሁሉ አብረቀረቁባት።

"ልጆቼ" አለች በቀስታ፣ "ምን አደረጋችሁኝ?"

"ማዳም፣ በአልኮል እንጠርገዋለን" አለች አኬዮ። ድምፅዋ ግን እንደማይሆን ቀድሞ ገብቶታል።

ጠረጉት። ፕሮፌሰር ንዱታና ባልደረቦቿ ከኦዲራ ጋር ገብተው ግድግዳውን ይዘው ተቀመጡ፤ ንዱታ ረጅም ዊግ ያደረገች፣ ጥቂት የምትናገር ሴት ናት። ሽቦው የኤሌክትሪክ ረብሻ እንዳይቀርጽ ማራገቢያው መጥፋት ነበረበት፤ ጠፋ። ከሐይቁ የሚነሳው ሙቀት ምድር ቤቱን ሞላው፤ ሙቀቱ ቅባቱን አቀለጠው። ብረቶቹ ከቅጥያው ሥር እየተንሸራተቱ ወረዱ። የወንዶቹ ስክሪን ላይ ሞገዱ ሰልፍ ይዞ ይሄዳል፤ የሴቶቹ ላይ ዶሮ የጫረው ይመስላል። አንዷ ዓይኗን ጨፈነች፣ ገለጠች፣ ጨፈነች፤ ጭረቱ ያው ነው። ቅጥያውን እንፍታው ቢባል እስከ ማታ አያልቅም።

አኬዮ ማልቀስ ጀመረች። "እኔ ነኝ ማዳም፤ እኔ ነኝ ያመጣሁት። ክፍልዎን ያዘጋሁት እኔ ነኝ።"

"አፍንጫሽን ጥረጊ፣ ሽቦው ላይ ይንጠባጠባል" አለች አዊኖ።

በክፍሉ ውስጥ ቅባት ያልነካው፣ ቅጥያ የሌለው፣ ከነጸጉሩ ያለ የሴት ራስ አንድ ብቻ እንዳለ ታውቅ ነበር። ልትገልጠው ግን እንቢ አላት። እዚያ ራስ ላይ መጨረሻ ያረፈው የኦጉቱ እጅ ነው። ግድግዳውን የያዙትን እንግዶች አየች፣ ሴቶቹን አየች፤ ዘንድሮም ወንበር ስበው የወንዶቹን አንጎል ሊጽፉ ነው። እጇን አንስታ ሻሹን ፈታችው።

ማንም አልሳቀም። ጸጉሩ ሸብቷል፣ ተደባልቋል፣ ጎኑ በትራስ ተጫጭኗል። የጸጉር ሠሪ ልጅ፣ የሹሩባ አስተማሪ፣ ያንን ይዛ መሐል ክፍሉ ቆመች። ኦዲራ ዓይኑን ወደ መስኮቱ መለሰ።

"ምን ታያላችሁ? ራስ ነው" አለች። "እጃችሁን ቅባት ያልነካው እነማን ናችሁ?"

ሴቶቹ ከጠዋት ጀምሮ የገዛ ራሳቸውን ሲነካኩ፣ ወንዶቹም ቅባቱን ሲጠርጉላቸው የቆዩ ናቸው፤ መዳፋቸው ሁሉ ይንሸራተታል። ተያዩና ወደ ኋላ አሉ። ከኋላ መደዳ የኪሙታይ አካፋ እጅ ቀስ ብሎ ተነሣ።

"ጌታ ሆይ፣ ከሁሉ መርጠህ እሱን" አለች አዊኖ ተቀምጣ። "ና። በውሃ አርሰው፣ ከጫፉ ጀምረህ አበጥር። ጥጃ አይደለሁም።"

"አይደሉም፣ ማዳም።"

አኬዮ ነጥቦቹን በሜትር እየለካች ቦታውን ትናገራለች፣ ኪሙታይ ይሠራል። ግንባሩን ላብ አጥለቀለቀው። ያ ትልቅ እጅ የተደባለቀውን ጸጉር ሲፈታ አንዴም አላሳመማትም፤ የታመመ በግ የሚያክም ይመስል ትንፋሹን ውጦ ነው የሚሠራው። ሹሩባው ተሠራ፣ ቆዳው ተገለጠ፣ ብረቶቹ ተለጠፉ። እንግዶቹ ወንበራቸውን ወደ ስክሪኑ ሳቡ።

"ዓይንዎን ይጨፍኑ፣ ማዳም" አለች አኬዮ።

ጨፈነች። ስክሪኑ ላይ ያለው መስመር ንጹሕ ነው፤ ሞገዱ ግን የለም።

"ማሽኑ ነው?" አለች ንዱታ።

ማሽኑ አይደለም። አዊኖ ምን እንደሆነ ታውቃለች፤ ለስንቱ ተማሪ ተናግራዋለች። ሞገዱን የምትጠብቅ ልጅ ሞገድ አይመጣላትም፤ የሚጠብቅ አንጎል ሥራ አልፈታማ። እሷ ደግሞ እየጠበቀች ብቻ አይደለም። ዓይኗን በጨፈነች ቁጥር አልጋው፣ ሳሉ፣ የዱንጋ ሰዎች ሬሳውን ተሸክመው የመጡበት መንገድ ይመጣባታል። ይህን ለእንግዳ እንዴት ይነግሩታል? ምሳ ሊደርስ ነው።

"የኋላው ብረት ሊለቅ ነው፣ ማዳም" አለ ኪሙታይ። "ልያዘው?"

"ያዘው።"

የጨርቅ ቁራጭ አድርጎ መዳፉን ከኋላዋ አሳረፈና ሹሩባውን ጫን አደረገ። እጁ ሰፊ፣ ሙቅ፣ የሥራ እጅ ነው። አዊኖ ትከሻዋ ወረደ። ትንፋሽ ወጣላት፤ ከቀብሩ ቀን ጀምሮ ይዛው የነበረ ሳይሆን አይቀርም።

ስክሪኑ ላይ ሞገዱ መጣ። መጀመሪያ ሁለት ሦስት፣ ከዚያ ሰልፉን ይዞ፣ ደልደል ብሎ።

"ይግለጡ" አለች አኬዮ በሹክሹክታ። ገለጠች፤ ጠፋ። "ይጨፍኑ።" መጣ። ሴቶቹ አንገታቸውን አስግገው ያዩታል፤ አንዷ "የሴት ነው፣ ከነጸጉሯ" አለች፣ ለማንም ሳይሆን። ንዱታ ራሷን ነቀነቀች። "አንዴ ይድገሙልኝ።"

"ይግለጡ፣ ማዳም።"

አልገለጠችም። ሞገዱ ቀስ በቀስ ሳሳ፣ ሰፋ፣ ዘገየ፤ ከዚያ መካከሉ ላይ እነ አኬዮ በመጽሐፍ ብቻ የሚያውቁት የእንቅልፍ ምልክት፣ ያ አጭር ጥድፊያ ብልጭ ብሎ ጠፋ፣ ደግሞ ብልጭ አለ። ኪሙታይ እጁን ሳያነሳ "ተኝተዋል" አለ።

አዊኖ አፏን ትንሽ ከፍታ፣ አገጯን ደረቷ ላይ ጥላ ተኝታለች። ንዱታ ጎንበስ ብላ ብዙ ጊዜ ስክሪኑን አየች። "እኔ" አለች ቀና ስትል፣ "ተማሪ ሳለሁ ሙሉውን ዓመት የወንዶች አንጎል ነው የጻፍኩት።" ከዚያ ወደ ኦዲራ ዞረች። "ክፍሉ ይቆያል። አሁን ማንም እንዳይቀሰቅሳት።"

ከምሳ በኋላ ሌላ ክፍል ነበር፤ ተማሪዎቹ ኮሪደሩ ላይ መንጫጫት ጀመሩ። ዶክተር ኦዲራ ወጥቶ በሩን ዘጋና ጀርባውን ሰጥቶት ቆመ። "ዛሬ ሂዱ" አላቸው። "ለምን?" ቢሉት "ፈተና ላይ ናቸው" አለ። ውስጥ እነ አኬዮ ወለሉ ላይ ተቀምጠው ሞገዱን በየተራ እየተከታተሉ ይጽፋሉ። ኪሙታይ ክንዱ ደነዘዘ። ጓደኞቹ ልንተካህ ቢሉት እንቢ አለ።

አዊኖ ስትነቃ ጥላው ወደ ማዶ ግድግዳ ተሻግሯል። መጀመሪያ የጠየቀችው ሞገዱን አልነበረም። "ስንት ሰው አየኝ ሳንኮራፋ?" አለች።

"አላንኮራፉም፣ ማዳም" አለች አኬዮ። "ትንሽ ብቻ። ክፍሉም ይቆያል ብለዋል።"

አዊኖ ራሷን ዘንበል አደረገችላቸው። ብረቶቹን አንድ በአንድ ነቀሉላት፤ ማጣበቂያውን ጠረጉላት። ከዚያ እንደ ልማዷ ሥራውን ልትመረምር እጇን ወደ ኋላ ላከች። ጣቷ መስመሮቹን እየቆጠረ ሄደ፤ ቀጥ፣ ቀጥ፣ ቀጥ። መጨረሻይቱ ላይ ሲደርስ ቆመ። ወደ ግራ ጠምማለች።

ኪሙታይ ፊቱ ተለዋወጠ። "ማዳም፣ እሷን መጨረሻ ላይ እጄ አምልጦኝ ነው። ልፍታትና ላስተካክልልዎ?"

አዊኖ ጣቷን ከመስመሯ ላይ አላነሳችም። ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ልትደብቀው አልሞከረችም።

"እንዳትነካት" አለችው።

ሻሹን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፤ ራሷን ሳትሸፍንም ወደ ቤቷ ሄደች።